እኔ ጋ አለ

እና ምን ልላት ነው አሁን፣ ቴሌቪዥኑ በላው ልበላት፣ በልቶታል እኮ፣ ግን ማን አጎረሰው፣ እኔ፣ በዚህችው ጣቴ። ጃፋር ገመዱን ነቅሎ እንደገና ይሰካል፣ የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ነጭ ባዶ ገጽ ይከፈታል፣ የታጠበ ሳህን የመሰለ። እትዬ መሪማ፣ ሀርድ ዲስኩ ፎርማት ሆኗል፣ ይለኛል፣ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ድራማ ቀድቶበታል፣ ከስር የነበረው ኸላስ፣ አይወጣም። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ እዚህ ዐረብ አገር ዑለያ ሰፈር ስልክና ላፕቶፕ ሲጠግን ጢም ያወጣ፣ ለኔ ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሌላ ቦታ ኮፒ አለዎት አይደል?

ኮፒ።

ኮፒማ እኔ ነበርኩ፣ እኔ መሪማ፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደልን ከመድኃኒት ብልቃጥና ከሱቅ መጠቅለያ ጋዜጣ የለቀምኩ፣ ዐረብኛውን ከማዳም ልጆች መጽሐፍ ላይ በጎን አይኔ የቀዳሁ፣ ሳታነቡ አትጫኑ እናንተ ደንባራ ሁሉ እያልኩ የራዋቢን ሰፈር የቤት ሠራተኛ በሙሉ ስሳደብ የኖርኩ። ኹሩጇ፣ መውጫ ቪዛዋ፣ ተመትቶ ወደ አገር የምትገባ ልጅ ስልኳ ይፈተሻል፣ የቤታችን ፎቶ አለበት ትልና ማዳሟ ሙልጭ አድርጋ ታጠፋዋለች፣ ስለዚህ ቀድመው ጁምዓ ጁምዓ እኔ ጋ ይመጣሉ፣ ያላቸውን ሁሉ ወደዚህች መዳፍ ወደምታህል ጥቁር ነገር እገለብጥላቸዋለሁ፣ በካልሲ ጠቅልዬ ሩዝ ጆንያ ውስጥ እደብቃታለሁ፣ ሊሄዱ ሲሉ በፍላሽ አድርጌ እሰጣለሁ፣ ፍላሿን ቀሚስ ጠርዝ ውስጥ ሰፍተው ይገባሉ። አማና ነው፣ አደራ። ሁሉም ወስደዋል፣ የቀረው የሃፊዛ ብቻ ነበር። የሃፊዛ።

ከስልክሽ አጥፊው አልኳት፣ እኔ ነኝ ያልኳት፣ ስልክሽ ሞልቶ ይንፏቀቃል፣ ማዳምሽም ማጥፋቷ ላይቀር፣ አጥፊው፣ እኔ ጋ አለ። አጥፍታ ሳትጨርስ ግንባሬን ሳመችኝ። እናቷ ያለፈው ረመዳን ሞተውባት ለቀብር እንኳ አልደረሰችም፣ የተረፋት በዋትሳፕ የላኩላት ድምፅ ነው፣ ነገ በረራዋ ነው፣ አሁን ፍላሿን ልትወስድ እዚህ ትመጣለች፣ ስትመጣ ምን፣ ባዶ ካልሲ ልስጣት?

ለምን ቴሌቪዥን ላይ ሰካሽው በይ፣ ለራስሽ እንኳ እውነቱን ተናገሪ አንቺ ሴትዮ። ማዳምና ልጆቿ ድልድዩን ተሻግረው ባሕሬን ገብተዋል፣ የምሠራባት አሮጌ ላፕቶፕ ሞታብኛለች፣ ሳሎኑ ባዶ፣ አዲሱ ቴሌቪዥን ግድግዳውን የሚያህል፣ የሃፊዛን እናት ድምፅ ልስማ ብዬ ነው። የሰው አማና። ስሰማ ነው የከረምኩት፣ አስተግፊሩላህ፣ ሽንኩርት ስልጥ፣ ልብስ ስተኩስ፣ የሃፊዛን እናት ጆሮዬ ውስጥ ሰክቼ። የኔ እናት የሞተችው ሰፈራችን ስልክ ሳይገባ ነው፣ ድምፅዋ ቀጭን ይሁን ወፍራም ጠፍቶብኛል፣ እኚህ ሴትዮ ሃፊዛን ሲቆጡ እኔን የሚቆጡኝ ይመስለኛል፣ ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ። ቴሌቪዥኑ ረጅም የዐረብኛ ጽሑፍ ደቀነ፣ መጨረሻው ላይ ነዓም፣ ላ፣ አዎ ወይስ አይ። ቸኮልኩ። ነዓም። ሳታነቡ አትጫኑ!

ተቃጠለ እንበላት፣ ይላል ጃፋር፣ ሀርድ ዲስክ ይቃጠላል እኮ፣ የአላህ ሥራ ነው ብላ ትተወዋለች። ልጄ ወርቅ ነህ። ተቃጠለ። እንዴት ያለች ቀላል ቃል፣ እሷንም አያስቀይም፣ እኔንም አያዋርድ፣ ምላሴ ላይ ትቀመጣለች፣ ትጣፍጣለችም፣ ታዲያ አላህን በኔ ጣት ጥፋት ላስከስሰው?

በሩ ይከፈታል፣ ሙቀቱ ቀድሟት ይገባል፣ ሃፊዛ፣ አዲስ ጫማ፣ ጥርስ በጥርስ። እትዬ መሪማ፣ ምነው፣ ዛሬ ተሳዳቢ ሳይሆን ተሰዳቢ መስለዋል! ጃፋርም ይስቃል፣ ከዚያ ይተዋል። ተቃጠለ፣ በይ እንጂ፣ ተቃጠለ በያት፣

አጠፋሁት ሃፊዛ። ማነው የተናገረው፣ እኔ ነኝ። የማዳም ቴሌቪዥን ላይ ሰክቼው ጠየቀኝ፣ ሳላነብ ነዓም አልኩት። ፊቷ ገና እየሳቀ ነው፣ አልደረሳትም። እና ምን ሊያደርግ ቴሌቪዥን ላይ ገባ? ያው መጣች፣ ይቺን ነበር የፈራሁት። ልሰማቸው። እናትሽን። ሁልጊዜ እሰማቸዋለሁ፣ ሳላስፈቅድሽ። ያኔ ሳቁ ይወርዳል። የእናቴን? ትላለች፣ ብትሰድበኝ እኮ ይቀለኝ ነበር፣ ብትተፋብኝ፣ ዞራ ወደ በሩ ትሄዳለች፣ ጫማዋ ይንቋቋል፣ ነገ ትበራለች፣ ባዶዋን፣ እኔ ነኝ ባዶ ያደረግኳት፣ እኔ ጋ አለ ብዬ፣

እኔ ጋ አለ።

አለ እኮ፣ ያ ረቢ፣ ቃል በቃል አለ፣ ሳሉ እንኳ አለ፣ ግን እንዴት፣ በሰው ሱቅ ውስጥ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እጇ መያዣው ላይ ደርሷል፣ ድምፄ ቀጥኖ ከአፍንጫ ይወጣል፣ የኔ አይደለም፣ የእሳቸው ነው፣ ሹ፣ ውጪልኝ አንቺ ዶሮ፣ ይቺ ዶሮ መቼም አታስወራኝ፣ ሃፊዝዬ፣ ይሄ ነገር ይሰማል እንዴ፣ ይሰማል?

እጇ ይቆማል። አትዞርም።

ይሰማል፣ ትላለች፣ ይቀጥሉ።