ተተኩሶባት የማታውቅ ጠመንጃ

የአዳራሹ በር ጠባቂ ካርቶኑን ከፍቶ ጠመንጃዋን አየና «ጥይት የለባትም አይደል፣ እማማ?» አለ።

«ኖሮባትም አያውቅ» አለች ቬርላ። «አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም አልጎረሰች።»

ጠባቂው እንደ ደንቡ ቃታዋን በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍሮ አሳለፋት። በዓመት አንዴ በሚቆመው የጠመንጃ ገበያ ከዚያ ማሰሪያ ማንም አያመልጥም።

ቬርላ ሆክስትራ ገንዘብ ቸግሯት አልመጣችም። ባሏ ዴልማር በየካቲት ከሞተ ወዲህ የበቆሎ ማሳውን ለጎረቤት አከራይታለች፤ ኪራዩ ለአንዲት ሴት ይበቃል። የመጣችው አንድ የሚያውቅ ሰው ትልቅ ዋጋ እንዲጠራላት ነው። ዋጋው ትልቅ ከሆነ ልጇን መከልከሏ ልክ ነበር ማለት ነው። ትንሽ ከሆነስ? ስለሱ አላሰበችም። ከቀብሩ ወዲህ ማሰብ ትታለች። ምግቡ እንጨት እንጨት ይላታል፣ ሰው ሲያጽናናት «እሺ» ትላለች፣ ሰውየው ሲሄድም ማን እንደነበር ትረሳለች።

ጠመንጃዋ ኔብራስካ የአሜሪካ ግዛት የሆነችበት መቶኛ ዓመት መታሰቢያ ናት። ጎኗ ወርቅ ተቀብቷል፣ ሰደፏ ላይ ሜዳልያ ተቀብሮበታል። ዴልማር የገዛት ልጃቸው ዌይድ በተወለደ ዓመት ነው። ሻጩ «ሳይተኮስባት ካርቶኗ ውስጥ ትቀመጥ፤ ልጁ ሲያድግ መሬት ትገዛለታለች» አላቸው። ዴልማር ሰምቶ ረሳው። ቬርላ ግን ቃሉን እንደ ወንጌል ይዛ ካርቶኑን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው፣ ማንም እንዳይነካውም አዘዘች።

ዌይድ አሥራ አራት ሞልቶት የመጀመሪያ አጋዘኑን ሊያድን ሲል ወጥ ቤት ድረስ መጣባት።

«እማዬ፣ አንድ ጥይት ብቻ። በራሴ ጠመንጃ።»

«አንዷ ጥይት ግማሽ ዋጋዋን ትበላዋለች።»

«ለኔ አይደል እንዴ የተገዛችው?»

«ለማን የምጠብቃት መሰለህ ታዲያ?»

ዴልማር በሩን ተደግፎ «እናትህ ተናግራለች፣ አለቀ» አለ። ዌይድም የጎረቤት አሮጌ ጠመንጃ ተውሶ ከአባቱ ጋር ወጣ። አጋዘኑን ጥለው ተመለሱ። በማግስቱ ሥጋውን ጠብሳ ስታቀርብ «አየህ፣ በተውሶ ጠመንጃም ይሞታል» አለችው። ልጁ አንገቱን ሳህኑ ላይ ደፋ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ዴልማርም ቀና አላለም። ልጁ እያለቀሰ እንደሆነ ገብቷታል፤ ተነስታ ማቀፍ ነበረባት፣ ግን እልህ ይዟት ድንቹን አቀበለች። ከስምንት ዓመት በኋላ የዌይድ መኪና በረዶ ላይ ተገለበጠች፤ እሱም አልተረፈም። ያ የሚንቀጠቀጥ ትከሻ ከዓይኗ ጠፍቶ አያውቅም። ለዴልማር አንድ ቀን አላወራችውም፤ እሱም ጠይቋት አያውቅም።

አሁን ዋጋ ልታስጠራ የቀረበችው የጠመንጃ ነጋዴ በርዴት ኮላር መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ቦርጫም ሰው ነው። ስሟን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ።

«የዴልማር ባለቤት? ነፍስ ይማር። እሱ ካለ ሆድ እስኪያመን ነበር የምንስቀው።»

«ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነበር» አለች ቬርላ። «ስንት ታወጣለች?»

በርዴት በአገጩ ጠረጴዛው ላይ ወደተደረደሩት ሦስት ካርቶኖች አመለከታት። አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከእሷ ጋር አራት።

«እነዚህ ዛሬ ጠዋት የመጡ ናቸው። ነገሩ ምን መሰለዎት፣ እትዬ ቬርላ፣ ያኔ የገዛ ሁሉ ደበቃት። እኔም ደብቄያለሁ። ሁሉም ደብቆ ያቆየው ነገር ደግሞ ከየት ብርቅ ይሆናል?»

«ዋጋዋን ንገረኝ።»

«ካልተተኮሰባት፣ ከነካርቶኗ አምስት መቶ ዶላር። ያኔ ብሩን ባንክ ቢያስቀምጡት ኖሮ ይሻልዎት ነበር።»

ቬርላ እስኪያማት ጠበቀች። ምንም የለም። ለዚህ ነበር የከለከልኩት፣ አለች በሆዷ፣ ለአምስት መቶ ዶላር። ይህም እንደ ሌላ ሰው ወሬ አለፋት።

በርዴት በአፈሙዟ በኩል ባትሪ አብርቶ ቆየ። ከዚያ መነጽሩን አወረደ።

«እትዬ ቬርላ፣ ይቺ እኮ ተተኩሶባታል።»

«አልተተኮሰባትም።»

«የወለወላት ሰው እጁ ይባረክ፣ ጎበዝ ነው። ግን ውስጧ ጥይት ያለፈበት የመዳብ እድፍ ቀርቷል። ማቀባበያዋ ጋ ወርቁ ተፍቋል፣ ይኸው በጣትዎ ይንኩት። እንደዚህ ከሆነች ከሦስት መቶ በላይ ማንም አይሰጥዎትም።»

«ቁም ሣጥን አናት ላይ ነበረች እያልኩህ።»

እሱም አልተከራከራትም። ምናልባት ሌላ ጉዳት እንዳለ ሊያይ የካርቶኑን ስፖንጅ አነሳ። ከስር አንዲት የናስ ቀለህ ተንከባላ ጠረጴዛው ላይ ቆመች። ቢጫ የሆነ የአደን ፈቃድ ወረቀትም ነበር። በርዴት አንድ መስመር እንዳነበበ ወደ እሷ አዞረው።

የእርሳስ ጽሑፍ ነው፣ አራት ማዕዘን የመሰለው የዴልማር ፊደል። «ዌይድ። የመጀመሪያው አጋዘን። በራሱ ጠመንጃ፣ በአንድ ጥይት። ኖቬምበር 14፣ 1981። የተውሶዋ ጠመንጃ መኪና ውስጥ ዋለች። ለእናትህ ትንፍሽ እንዳትል።»

ቬርላ ሁለቴ አነበበችው። መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው፤ እኔን ውጭ አቁመው። ቀጥሎ ቅናት። ከቅናቱ ስር ሌላ ነገር ነበር፣ ስሙን ለማግኘት ጊዜ ወሰደባት። ልጇ አልተከለከለም።

«ሦስት መቶውን ልስጥዎት?» አለ በርዴት በቀስታ።

«አትሸጥም።» ቀለሁን አንስታ በመዳፏ ጨበጠችው። «ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር» አለች።

«የማን?»

«የልጄ። እራት ላይ። እያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቁን እያፈነ ኖሯል።»

በርዴት ካርቶኑን ዘጋላት። ከአዳራሹ ጥግ፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ከሚሸጡት ምግብ፣ የባቄላና የሥጋ ወጥ ከጣፋጭ የቀረፋ ዳቦ ጋር ይሸታል። ዌይድ ዳቦውን ወጡ ውስጥ እየነከረ ነበር የሚበላው። ቬርላ ጠመንጃዋን በብብቷ ይዛ ሄዳ ተሰለፈች፤ ርቧታል።