ቦራ ለምን ተፈለገ

ጥር ላይ እንጅባራ ሜዳ በፈረስ ጉግስ የጥሊሊ ፈረሰኞች እያሳደዱ በዘንግ ከወቁን ወዲህ፣ ሱቄ በር ላይ ያለችው አግዳሚ ወንበር አርፋ አታውቅም። ሳሙና ሊገዛ የመጣውም፣ መኪና የሚጠብቀውም ይቀመጥና በከተማችን በግምጃ ቤት ፈረሰኛ ላይ ይፈርዳል።

«ጥፋቱ የወርዋሪው ነው» አለ ባጃጅ ነጂው ፀጋው። «ባምላክ ዘንግ ሲወረውር ጋሻ አይነካም፣ ሰው አይነካም። ሣር ነው የሚወጋ።»

ባምላክ ልጄ ነው። ፀጋው ይህን እያወቀ ነው የሚናገር።

«አንተ ባጃጅህን ይዘህ ግባና እንይህ» አልሁት።

«እትየ ማናለብሽ፣ ባጃጄ ከቦራ ትሻላለች። እሷ ስትነዳ ትሄዳለች።»

ሳቁብኝ። ቦራ የባሌ ፈረስ ነው። ባሌ ካረፈ ጀምሮ በቤታችን ስም ጉግስ የሚወጣ እሱ ነው፤ የሚጋልበው ባምላክ ነው። ማርጀቱን አልክድም። ግን እንዲህ አደባባይ ላይ ሲነገር ያናድዳል።

«የልጁስ ክንድ ደህና ነው» አሉ ሽማግሌው አያ ወገኔ። «ፈረሱ አያደርሰውም እንጅ። ሳይደርሱ ተወርውሮ ምን ሊሆን ነው?»

«ከወንዝ ማዶ አንድ ግራኝ ልጅ አለ፣ ሲወረውር አይስትም ይላሉ» አለ ፀጋው።

«በግራው ከወረወረ ጋሻውን በምኑ ሊይዝ ነው?» አሉ አያ ወገኔ።

«በጥርሱ።»

እንዲህ ሲሉ የፈረሰኞቹ አለቃ ኪዳኑ መጣ። ሌላ ቀን ቢሆን ከሁሉ ቀድሞ የሚቀመጥ ሰው ቆሞ ቀረ።

«ማናለብሽ፣ ቦራን ለጥሊሊ ሰጥተን የእነሱን ጉራቻ ፈረስ ልንወስድ ነው። ተነጋግረን ጨርሰናል። የቀረው ያንች ቃል ነው።»

ጉራቻውን ማን ያጣዋል? ጥር ላይ የኛን ሰው ሲያባርር የዋለው እሱ ነው። ያን የመሰለ ጎረምሳ ፈረስ ሰጥቶ ያረጀ ፈረስ የሚወስድ ምን ዓይነት ሰው ነው?

«ምን ሆኖባቸው ነው?» አልሁ።

«ምንም አልሆነም።»

«እንግዲያው አይሆንም።»

«ምንም አልሆነም እያልሁሽ?»

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

ወንበሩ ሁሉ ተነሳብኝ። ይች ሴትዮ ጉግሱን ልትገድለው ነው አሉ። በዚህ መሀል ባምላክ ደረሰና ዓይኔን ሳያይ «እማ፣ ስጫቸው» አለ። ሌላ ሰው ቦራ ላይ ኮርቻ ሲጭን እንኳ የማይወድ ልጅ ነው ስጫቸው የሚለኝ። ነገሩ ያን ጊዜ ሸተተኝ። ኪዳኑ የሆነ ነገር በልቷል፣ ልጄንም አስበልቶታል አልሁ በልቤ።

በጥሊሊ ገበያ ቀን ሱቄን ዘግቼ፣ በእንጅባራ በኩል በሚኒባስ ሄድሁ። ጉራቻው ያለበትን ቤት ጠየቅሁና ከግምጃ ቤት ፈረሱን ለማየት የመጣሁ ነኝ አልኋቸው። ስሜን አልተናገርሁም። አፉን ከፍቼ ጥርሱን አየሁ። ኮቴውን አስነሳሁ። አንዱን ሰውየ ዘንግ ይዘህ ፊቱ ላይ ሰንዝርበት አልሁት፤ ፈረሱ ጆሮውን እንኳ አላጠፈም። አንድ በሽታ ባገኝበት ደስ ባለኝ ነበር። የለበትም።

የቤቱ እመቤት እንቁ ከጓሮ ወጣች። «የባምላክ እናት፣ ምነው ደጅ ቆሙ? ይግቡ እንጅ» አለችኝ።

ማን እናቱ መሆኔን ነገራት? ዓይኔን ጓሮ ጓሮውን ሳሰማራ ማገሩ የቆመ፣ ጭቃ ያልተመረገ አዲስ ቤት አየሁ።

«ይህስ የማን ነው?»

«የልጆቹ ነዋ። የባምላክና የልጄ የሀይማኖት። አባቷ ቦታ ሰጣቸው፤ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሲመጣ...» አለችና ፊቴን አይታ ድንግጥ አለች። «አልነገሩዎትም እንዴ? ከግምጃ ቤት ሴት መጣች ሲሉኝ ቤቱን ሊያዩ የመጡ መስሎኝ። ኪዳኑ ከእናቱ ጋር ጨርሻለሁ ብሎን ነው እኮ።»

በኛ ዘንድ ሰው የሚጋልብ ቤቱ ላለበት አገር ነው። ጥሊሊዎች ያረጀ ፈረስ ምን ያደርግላቸዋል? የፈለጉት ቦራ ላይ የሚቀመጠውን ነው። ኪዳኑም ልጄ መሄዱ ላይቀር፣ በምትኩ ጉራቻውን ሊያስቀር ነው የተሯሯጠ። እኔ የፈረስ ጥርስ ስቆጥር እነሱ ልጄን ለውጠው ጨርሰዋል።

ስመለስ ባምላክ በረት ውስጥ የቦራን ጋማ ያበጥር ነበር።

«ጥሊሊ ሄጄ ነበር» አልሁት።

እጁ ቆመ።

«ካንተ አፍ ልስማው።»

«ብቻሽን መቅረትሽ ነው የከበደኝ» አለ። «ቦራ ቀድሞ ቢሄድ መለየቱን ትለምጅው መስሎኝ ነበር።»

«እናትህን በፈረስ ልታለማምድ?»

ባሌ ቢኖር ይቆጣ ነበር ወይስ ይስቅ ነበር፣ እንጃ። ልጁ አልሰረቀ፣ አልዋሸ፤ ፈርቶ ነው እንጅ። ቤቱን ደግሞ በዓይኔ አይቸዋለሁ፣ ማገሩ ጠንካራ ነው።

«ቦራን ውሰድ» አልሁት። «ጉራቻው ግን በቤቴ ስም ነው የሚወጣ። ማን እንደሚጋልበውም የምመርጥ እኔ ነኝ፣ ኪዳኑ አይደለም። እኔ ደግሞ የግምጃ ቤት ሰው ነኝ። ጥር ላይ ሜዳ ስንገናኝ ጋሻህን ከፍ አድርገህ ያዝ።»

ፊቱን በቦራ ጋማ ከለለው። ይሳቅ ያልቅስ አላየሁም።

«ሽማግሌስ ልላክ እማ?» አለኝ ከዚያው ሆኖ።

«ላክ። አያ ወገኔ ይሂዱ። ኪዳኑ ግን እንዳይሄድ።»