የተዘለሉት ሰረዞች

ነሐሴ 19 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የባሮ ወንዝ ውሃ ጋምቤላ ከተማ ዳርቻው ላይ የተሠራው አዲሱ ክሊኒክ ወለል ላይ ወጣ። በሪሁን ከማዶ አፋፍ ቆሞ የእጅ ሰዓቱን አየ። የዚያን ወለል ከፍታ የወሰነው እሱ ነበር።

በሪሁን የመንገድ ሥራ ቀያሽ እንጂ መሐንዲስ አልነበረም። ስታትስቲክስ የተማረው አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ጥሎት ከሄደ መጽሐፍ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ፣ ላቡ ገጹ ላይ እየተንጠባጠበ፣ አማካይ እንዴት እንደሚወጣ፣ በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ ከጥቂት ዓመታት መዝገብ እንዴት እንደሚገመት ብቻውን ታግሎ ተረዳ። ክሊኒኩ ሊሠራ ሲል «ወለሉን እኔ አሰላዋለሁ» አለ። አለቆቹም ደስ አላቸው።

የውሃውን ከፍታ መዝገብ የጻፈው የወንዙ ለኪ ኦጆት ነው። ወንዙ ዳር የተተከለውን ባለ አራት ሜትር የልኬት እንጨት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው እያየ ሞልቶታል። አንዳንድ ቀን ግን በቁጥር ፈንታ ሰረዝ ብቻ ነበር።

«እዚህ ጋ ምን ሆኖ ነው?» አለች የበሪሁን ሚስት ወለላ፣ መዝገቡን ሲያሰላ በትከሻው ላይ አጎንብሳ። እዚያው ክሊኒክ ድሬሰር ሆና በሽተኞችን ልትረዳ ነበር።

«ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ ነዋ! ያልተለካ ቀን ይዘለላል።»

«ሁልጊዜ ነሐሴ ላይ?»

«ክረምት ዓሣ ይበዛል።»

«አይ የኔ ሊቅ! ሰውዬው እንደሆነ እዚሁ ወንዝ ዳር ነው። ሄደህ ብትጠይቀው እግርህ አይሰበርም።»

«መጽሐፍ ያላለኝን ኦጆት ሊነግረኝ?»

ሳቀችበት፤ እሱም ሳቀ። ሠላሳ አራቱን ሰረዞች ዘለላቸው። የመቶ ዓመቱ ጎርፍ ሦስት ሜትር ከሰማንያ ሳንቲ ሜትር ወጣለት። ለጥንቃቄ ብሎ ሃያ ሳንቲ ሜትር ጨመረበት፤ ወለሉ አራት ሜትር፣ ልክ በእንጨቱ ጫፍ ከፍታ ሆነ።

በዚያ የነሐሴ ረፋድ ውሃው ሲገባ ወለላ በሽተኞቹን አንድ በአንድ ወደ ታንኳ አወጣች። አንዲት አራስ ቀርታ ነበርና ለእሷ ተመለሰች። በሪሁን ከማዶ አፋፍ ሆኖ የሚስቱን ስም እየጠራ ግድግዳው ሲወድቅ አየ። የወለላ አስከሬን በሦስተኛው ቀን ከወንዙ ቁልቁል ተገኘ።

ኦጆት ለቅሶ መጣ። በሪሁን ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እሱን ጠራው።

«ኦጆት፣ ሰረዝ ያደረግህባቸው ቀኖች የት ነበርክ?»

«እዚያው ነበርኩ፣ ጋሼ። እንጨቱ ነው የሌለ፤ ውሃ በላዩ ሄደ። ፈረንጁ ያላየኸውን ቁጥር አትጻፍ ብሎኛል። አላየሁም፣ ሰረዝ አደረግሁ።» እጁን ወደ ወንዙ ዘርግቶ፣ «እዚያ ዳር ያለው ትልቁ ዛፍ ላይ ግን ውሃው የደረሰበትን በቢላ ምልክት አድርጌያለሁ። ማንም አልጠየቀኝም» አለ።

በሪሁን ከለቅሶው ተነሥቶ ወደ ዛፉ ሄደ። ሰባቱም ምልክቶች ከክሊኒኩ ወለል በላይ ነበሩ። ሁሉንም በጣቱ ነካቸው፤ ለላይኛው እጁን መዘርጋት ነበረበት።

በመጋቢት ስድስት ሜትር የሚረዝም አዲስ የልኬት እንጨት ተተከለ። ማንበቡን ኦጆት ቀጠለ።