የፕሮፌሰሩ እናት

ጋሽ ገመዳ አገር ቤት ሳሉ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ሲያትል ከመጡ ወዲህ ካፒቶል ሂል የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ፤ እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ፊደል ያልቆጠረውን ያስተምራሉ። በፈረንጆቹ 1986 ለማጠቃለያ ፈተና አንድ ገጽ በእጃቸው ጽፈው አደሉ። ጽሑፉ ከመቶ ዓመት በፊት ፈረንጅ አገር ስለኖረ አንድ ፕሮፌሰርና ዝነኛ ደራሲ ነበር።

እናኑ ፊደሉን ለይታለች፤ ቃል አድርጎ መግጠሙ ግን ገና አልሆነላትም። አባቷ ሳያነቡ መዝሙረ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይወጡት ነበርና፣ እሷም ልጇን ማዕረግን፣ "አንቺ አንብቢልኝ፣ እኔ በቃሌ ልያዘው" አለቻት። ማዕረግ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ማንበብ አዲስ አበባ ተምራለች። ወረቀቱን እስከ ታች በዓይኗ አየችው፣ ከዚያ አነበበችላት።

ፕሮፌሰሩ ቀን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተምራል፤ ሲመሽ ልብ ወለድ ይጽፋል። ጋዜጣው በየሳምንቱ ስለሚያወጣለት ልብስ ሰፊው ሳይቀር ይሻማበታል። እያንዳንዱን ምዕራፍ ግን በመጀመሪያ ማንበብ ለማትችለው እናቱ ያነብላታል። ከሳቀች ያሳትመዋል፤ ካኮረፈች ይቀደዋል።

እናኑ ይህን ወደደችው። ሌክ ሲቲ ባለው የአረጋውያን ቤት አልጋ እያነጠፈች ሦስት ሳምንት ደጋገመችው። ጸሎቷ አንድ ነበር፤ ማዕረግ በሰው ፊት በእናቷ እንድትኮራ።

በፈተናው ቀን ማዕረግ ኋላ ተቀመጠች። እናኑ ቆማ፣ ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች እንደ ውሃ ወረደችው። ጣቷ ገጹን ጨረሰ፤ አፏ ግን ገና ነበር።

"እህት እናኑ፣" አሉ ጋሽ ገመዳ፣ "ይህን ከየት አመጡት? እኔ አልጻፍኩትም።"

"ደራሲዋ እሳቸው ናቸዋ!" አለ አክሊሉ የሚባለው ታክሲ ነጂ ተማሪ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

"ከላይ ይጀምሩ። ፊደል በፊደል" አሉ ጋሽ ገመዳ።

"ኦኬ፣ እማዬ፣ ይበቃል! ተቀመጪ!" አለች ማዕረግ ከኋላ።

እናኑ ልጇ የራራችላት መሰላት። "አይ፣ እችላለሁ" አለች።

ላብ አጠመቃት፣ ግን ገጠመችው። "በ...ጣም የተ...ወደደው መጽ...ሐፉ ስለ እናት ፍቅር ነበር። አገር አስለቀሰ። እናቱ ግን ማንበብ ስለማትችል ያፍርባት ነበር። እንግዶቹ አገልጋይ መስላቸው ካፖርታቸውን ሰጧት። ፕሮፌሰሩም ዝም አለ።"

"ዝም አለ" የሚለውን ደግማ አነበበችው። ባለፈው ወር ኖርዝጌት የገበያ አዳራሽ ውስጥ የማዕረግን የክፍል ጓደኞች አግኝተዋቸው ነበር። ማዕረግ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለቻቸው፤ ልጆቹም የገዙትን ዕቃ ከነከረጢቱ ሁሉ ለእናኑ አሸከሟት። ማዕረግ ዝም አለች። እናኑ የዚህ አገር ልጆች ጠባይ ነው ብላ፣ ፈገግ እያለች ተሸክማ ተከትላቸው ነበር።

"ጎበዝ!" አሉ ጋሽ ገመዳ። "አሁን አነበቡ! አልፈዋል!" ሁሉም አጨበጨበ፤ አክሊሉም እልል አለ።

ውጭ ያካፋል። ማዕረግ ዓይኗ ቀልቷል።

"እማዬ፣ ቦርሳሽን ልያዝልሽ።"

"ተይው። ይልቅ ጃኬትሽን ስጪኝ፣" አለች እናኑ፣ "መሸከሙን የለመድኩት እኔ ነኝ።"

ማዕረግ አልሰጥም ብላ ስትታገላት፣ ከትከሻዋ ገፍፋ ወሰደችው።

"በይ ቅደሚ። ጓደኞችሽ አውቶቡሱ ውስጥ ቢኖሩ እንዳታፍሪ፣ ትንሽ ራቅ ብዬ እከተልሻለሁ።"

እስከ ፌርማታው ድረስም እንዳለችው አደረገች።