ሻካራ መዳፍ

የክፍላችን ኃላፊ አቶ ጥበቡ በሕይወቱ ከእስክሪብቶ የከበደ ነገር ያነሳ አይመስለኝም። ለዚህ ሰው ሁሉም ነገር ሻካራ ነው። የካፌው ዳቦ ሻካራ፣ ፎጣው ሻካራ፣ ከደሴ የሚያወርደው መንገድ ሻካራ፣ የእኔ ድምፅ ሳይቀር ሻካራ። ወላሂ፣ እናቱ በጥጥ ጠቅልላ ነው ያሳደገችው።

የእህቴን ልጅ ከይሪያን ኮምቦልቻ አምጥቼ እኛው ልብስ ፋብሪካ ለሙከራ ሳስገባት፣ መጀመሪያ ያየው መዳፏን ነው። ቦሩ ሜዳ ስታጭድ ያደገች ልጅ መዳፍ ምን ሊመስል ኖሯል? ስስ ጨርቅ ሳበበትና ክሩ ተመዘዘ።

«ሻካራ ነው» አለ፣ ትልቅ ነገር እንዳገኘ ሁሉ። «እስከ ሰኞ ካልለሰለሰ ወደ መጣሽበት።»

አባቷ ታሞ ተኝቷል፤ ቤቱ የሚያየው እሷን ብቻ ነው። «አብሽሪ፣ አክስትሽ እያለሁልሽ» አልኳት። ዐሥራ ሁለት ዓመት ጨርቅ የዳበስኩ ሴት ይሄ ያቅተኛል? እናቷ ለእኔ የላከችውን ለጋ ቅቤ አውጥቼ አራት ቀን ሙሉ መዳፏን አሸሁላት። ቫዝሊን ለከተማ ሞኝ ነው ብዬም ተኩራራሁ። ሰኞ ጠዋት በሳሙና አሳጥቤ ወሰድኳት።

አቶ ጥበቡ ጨርቁን በመዳፏ ላይ ሳበው። አልተመዘዘም። ሸሚዝ ማጠፍ አስጀመራት። ረፋዱ ላይ ግን የመተኮሻው ሙቀት እጇን ሲያልበው፣ የጠጣው ቅቤ ወጣ። ዐሥራ አንድ ነጭ ሸሚዝ ላይ ጣቶቿ ታተሙ።

አንዱን አንስቶ አሸተተው። «ይህን የመከረሽ ማነው? እዚህ የሚሠራ ከሆነ አብሮሽ ይወጣል።»

ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበርኩ። ዓመት ሙሉ በሐሜት ስቦጫጭቀው የኖርኩት ሴትዮ፣ አንገቴን ደፍቼ ኮሌታ ማስተካከል ያዝኩ።

«እኔው ነኝ» አለች ከይሪያ። «ማንም አልመከረኝም።»

ከሰዓት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ሚኒባሱ እስኪሞላ ስለ ጥበቡ የማልለው አልነበረም፤ ሥራ የማያውቅ፣ እጁ የሕፃን እጅ የመሰለ፣ ሰው የማይወጣው። ስትሰናበተኝ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው፤ መዳፏ አሁንም ይከረክራል።

«የእርስዎም እጅ ለስላሳ ነው፣ አክስቴ» አለችኝ።

ነገር አታውቅም፣ ያገኘችውን ነው የተናገረችው። ሚኒባሱ ሲሄድ በዚያ እጅ አላውለበለብኩላትም፤ ሻርፔ ውስጥ ከተትኩት።