የንጉሡ እጅ

«ሙሉ ቁመቴን ነው ወይስ ከወገብ በላይ ብቻ?» አለ ኬሩባ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሪዙን እያፍተለተለ።

ሜትር የያዘው የማዘጋጃ ቤት ሰው ግራ ገባው። «ምኑን?»

«ሐውልቴን ነዋ! በፈረስ ከሆነ ደግሞ ፈረሱን ወፈር አድርጉት።»

«አባቴ፣ እስቲ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን። የምንለካው ግድግዳውን ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በሕንድ የኮልሃፑር ከተማ ማዘጋጃ ቤት የጥንቶቹን የፊልም ሰዎች ለማክበር በየቤታቸው ግድግዳ የእብነ በረድ ሰሌዳ ይሰቅል ነበር። የዘንድሮው ክብር የወጣው ለጎረቤቱ ለናርሃሪ ነው። የናርሃሪ ቤት ግን ከጓሮ ተሸጉጦ መንገደኛ አያየውም። መንገደኛ የሚያየው የኬሩባን ግድግዳ ነው።

ኬሩባ ደሙ ፈላ። አርባ ዓመት ሙሉ ቅናቱን እንደ ጥርስ ሕመም ጉንጩ ውስጥ ይዞ የኖረ ሰው ነው። በወጣትነታቸው አብረው በሠሩት ድምፅ አልባ ፊልም እሱ ንጉሡ፣ ናርሃሪ ንግሥቲቱ ነበሩ፤ ያኔ ሴት ካሜራ ፊት መቆሟ ነውር ስለነበር ሳሪ የተባለውን የሴት ልብስ የሚለብሱት ወንዶች ናቸው። ሲጀመር ንግሥትነቱ የቀረበው ለኬሩባ ነበር። በአገሩ ልማድ ወንድ ሪዙን የሚላጨው አባቱ ሲሞት ነውና፣ ሪዝህን ተላጭ ቢሉት፣ «አባቴ ሳይሞት? በቁሙ ልቅበረው እንዴ!» ብሎ እምቢ አለ። ናርሃሪ ግን በዚያው ሰሞን አባቱ ሞቶበት ተላጭቶ ነበር። ኬሩባ ሲብስበት ይህንንም ይቆጥርበታል፦ «አባቱ እንኳ በሰዓቱ ሞተለት!»

ፊልሙ ተቃጥሎ የተረፈው የአንዲት ደቂቃ ቁራጭ ብቻ ነው። ንግሥቲቱ በሙሉ ፊቷ ታለቅሳለች። ከንጉሡ የሚታየው ትከሻዋ ላይ ያረፈ እጅ ነው፤ ሌላ የለም።

«የኔም ስም ካልተጻፈ ይህን ግድግዳ ሚስማር አይነካውም!» አለ ኬሩባ።

ሚስቱ ጎዳባይ ምስር ከምትለቅምበት ቀና አለች። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ከንግሥትህ ታረቅ! በእኔ እንኳ እንዲህ ቀንተህ አታውቅም።»

የማዘጋጃ ቤቱ ሰው አሰበና፣ «እጁ የእርስዎ ከሆነ ስምዎን እናስገባለን። ግን ማን ይመሰክራል?» አለ።

ኬሩባ ቀኝ እጁን ዘረጋ። ትንሿ ጣቱ በልጅነቱ ከበሬ ጋሪ ወድቆ ተሰብራ ጎብጣ ቀርታለች። «ይቺ ጣት ትመሰክራለቻ!»

«ቁራጩ ደብዝዟል፣ አባቴ። ጣት አይለይበትም።»

እንግዲህ በሕይወት የቀረ ምስክር አንድ ነው፤ እሱም ጫጫታውን ሰምቶ ከዘራውን እያንኳኳ መጣ። ኬሩባ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ድምፁ ሰለለ።

«ናርሃሪ ወንድሜ... ያቺ እጅ የማን ናት? እውነቱን ንገራቸው።»

ናርሃሪ መነጽሩን ወለወለ። ጎባጣዋን ጣት አገላብጦ አያት፤ ባዶውንም ግድግዳ አየው።

«እኔ ምን አውቄ» አለ። «ያኔ ጨዋ ሚስት ነበርኩ፤ ቀና ብዬ የባሌን እጅ አይቼ አላውቅም።»