የእንጨቱ ይሻላል

«ዘፈን ነው እንዴ ጭኖ የመጣው?» አለች ብርቄ፣ ከበቅሎው የወረደውን ጓዝ በዓይኗ እየበረበረች። ጎረቤት ቤት የሚገባ ነገር ሁሉ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። «ሐዘን ቤት ውስጥ ዘፈን! ምን ጉድ ነው እናንተ!»

«ድምፁ ወደ ውጭ አይወጣም እትዬ» አላት አዲስዓለም። «የሚሰማው ጆሮው ላይ ያደረገው ሰው ብቻ ነው።»

አዲስዓለም ከሟቹ ከዋሴ ጋር አዲስ አበባ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖር የነበረ ባልንጀራው ነው፤ ሥራው ዘፈን መቅዳት ነው። እስከ ደብረ ታቦር በመኪና፣ ከዚያ ጋይንት እስካለችው ቤተ ልሔም በበቅሎ ሲንገላታ ነው የደረሰው።

ዋሴ እዚያው አዲስ አበባ ተቀብሯል። ጋይንት የደረሰው መርዶው ብቻ ነው። መርዶ ነጋሪዎቹ «የአንድ ሌሊት ትኩሳት ወሰደው» አሉ። እናቱ ዘርፌም ፀጉሯን ተላጭታ መደብ ላይ ከተቀመጠች ጀምሮ ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ የምትለው ይህንኑ ነው።

«ልጄ አልተሠቃየም። አልጋ አልያዘም። ውሃ ስጡኝ እያለ ሰው አላጣም። እንዲያ ቢሆን ኖሮ እኔ ገደል እገባ ነበር።»

ለቀስተኛውም «ተመስገን በይ» ይላታል። ምስኪን፣ ከልጇ የቀራት ይህች ብቻ ናት።

አዲስዓለም የዋሴን ዘፈን የቀዳበትን ቴፕ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫና ማዳመጫው የሚሰካባቸው ሁለት የድምፅ ማጉያ ሣጥኖች አውጥቶ ጓዳ ውስጥ ደረደረ። አንዱ ራሱ የሠራው የእንጨት ሣጥን ነው። ሌላው ከውጭ አገር የመጣ ግራጫ ብረት ሲሆን ከዳዊት መጽሐፍ አይበልጥም።

«የእንጨቱ ይሻላል የኔታ» አለ። «ለጆሮ ይለሰልሳል።»

«መሻሉንማ ሰምቼ እነግርሃለሁ» አሉ የዋሴ አባት፣ መርጌታ ወልደ ገብርኤል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በድምፅ ነገር ማንንም ምከረኝ ብለው አያውቁም። ጥምጥማቸውን አውልቀው ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

በእንጨቱ በኩል የልጃቸው ድምፅ ወፍሮ መጣ። ክራሩና ቃሉ ተቃቅፈው፣ አንዱ ከሌላው ሳይለይ ይፈስሳል። መርጌታ አለቀሱ።

ዋሴ ልጅ ሳለ በአባቱ ጉባኤ ቤት በትንፋሽ የሚደርስበት አልነበረም። መርጌታ ተማሪዎቻቸውን እያዜሙ ዳገቱን ያስወጧቸው ነበር፤ መሀል ላይ አየር የሳበ ወርዶ ከታች ይጀምራል። ዋሴ አንድም ቀን አልወረደም። ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ዜማውን ጨርሶ፣ ከታች የቀሩት ላይ ለመሳቅ የሚበቃ ትንፋሽ ይተርፈው ነበር። ኋላ ድጓውን ትቶ ዘፋኝ ሊሆን ሲሄድም አባቱ አልረገሙትም። «ያን የመሰለ ትንፋሽ ይዞብኝ ሄደ» ብቻ አሉ። ከዚያ ወዲህ በነጋዴ እጅ የሚመጣው ቃል ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ደህና ነኝ።

«አሁን ብረቱን» አሉ እንባቸውን ጠርገው።

«ያው እኮ ነው የኔታ።»

«ያው ከሆነ ምን አስፈራህ?»

በብረቱ ሁሉም ነገር ለየብቻው ተሰማ። ጣት ክሩን ሲነካ፣ ወንበር ሲንቋቋ፣ ከዚያ ዋሴ ቃሉን ሳይጨርስ አየር ሲስብ። ጥቂት ሄዶ ደግሞ ሳበ። ደረቱ ውስጥ እንደ ደረቅ የባቄላ ገለባ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ። ዘፈኑ ከፍ ወደሚልበት ሲደርስ ትንፋሹ ጨርሶ ተቆረጠና ክራሩ ብቻውን ቀረ። በእንጨቱ ሲሰሙት የክራሩ ተራ መስሏቸው ነበር።

መርጌታ ማዳመጫውን አወረዱ። «ምን ያህል ጊዜ ታመመ?»

አዲስዓለም መሬት መሬቱን አየ። «ሁለት ክረምት። ሳንባው ነው። እናቴ እንዳትሰማ ብሎ አስምሎኛል።»

«ማን አስታመመው?»

«ማታ ማታ እኔ።»

«ቀን ቀንስ?»

አዲስዓለም ብረቱን ከቴፑ ነቀለው።

«ታዲያ ይህን ብረት ለምን አመጣኸው?»

«እኔ እንጃ የኔታ። ብቻዬን ማወቁ ከበደኝ።»

በዚህ መሀል መጋረጃው ተገለጠና ዘርፌ ብርቄን ተደግፋ ገባች። ሁለቱን ሣጥኖች አየቻቸው። «ለእኔ የቱ ይሁን መርጌታ? መቼም እንደ እርስዎ ጆሮ ያለው የለም። የሚሻለውን ይስጡኝ።»

መርጌታ ስለ ድምፅ ዋሽተው አያውቁም። ትልቅ አለቃ ሲሳሳት በማኅሌት መሀል ያረሙ ሰው ናቸው።

«የእንጨቱ ይሻላል» አሉ። ብረቱንም ጋቢያቸው ሥር አስገቡት።

ዘርፌ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ስታደርግ መጀመሪያ ክው አለች። ከዚያ ፊቷ ፈታ አለ፤ መዳፏም ጉልበቷን በቀስታ ይመታ ጀመር። ጆሮዋ ስለተደፈነ የምትናገረው እየጮኸች ነው። «ምን ያለ ጤና ነው! ይሄ ደረት ታሞ ያውቃል? አልነገርኋችሁም?»

ከውጭ ለቀስተኛው «ተመስገን» አለ።

መርጌታ ምንም አይሰሙም። ዜማው የት እንደደረሰ የሚያውቁት ከዘርፌ እጅ ነው። ዘፈኑ ከፍ ወደሚልበት ሲቃረብ ደረታቸውን ሞልተው አየር ሳቡ። እጇ የልጃቸው ትንፋሽ የተቆረጠባትን ያችን ቦታ እስኪያልፍ ድረስም አልተነፈሱም።